ስህተቱ የት ተወለደ?



የቅዳሜ ከሰዓት በኋላችሁን ስለ ፔኒ ለመስማት ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። መንገድ ላይ ወድቃ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያነሳት ፔኒ ይህን ያህል ሰው አዳራሽ ማስገባቷ ራሱ ያስገርማል። ምክንያቱን ግን አላጣሁትም። ስልካችሁ ላይ አንድ ሰው ፔኒ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ «ይህን ካገኛችሁ እንዳታወጡት፤ አንድ ሚሊዮን ዶላር ነው» ሲል አይታችኋል። አንዳንዶቻችሁ በዚያችው ሌሊት የዝርዝር ማጠራቀሚያችሁን ምንጣፍ ላይ ገልብጣችኋል። ዛሬ በፌስታልና በቡና ቆርቆሮ ይዛችሁ የመጣችሁትም ያው ይመስለኛል።

አልስቅባችሁም። በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ በእኛ ሰው እጅ ሳያልፍ የሚቀር ሳንቲም ጥቂት ነው። ፓርኪንጉ፣ ታክሲው፣ ነዳጅ ማደያው፣ የሰፈሩ ግሮሰሪ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ፣ ዝርዝር የሚጠራቀምበት ቦታ ሁሉ የእኛ ሰው አለበት። ስለዚህ የተሳሳተ ሳንቲም የማግኘት ዕድላችን በባንክ ካርድ ብቻ ከሚኖረው ሰው ይበልጣል። እዚህ አገር ለገበያ የሚሆን ፔኒ ማምረት በ2025 መጨረሻ ቆሟል፤ በየቤቱና በየመደብሩ ያለው ግን ገና ለብዙ ዓመት ይዞራል። በነገራችን ላይ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት፣ ካልነገርኋችሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ንግግሬ የሚዞረው በአንዲት ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ ስህተቱ የት ተወለደ? ሳንቲሙ ከማተሚያው ደጃፍ ሳይወጣ የተፈጠረበት ጉድለት ፈላጊ አለው። ከወጣ በኋላ የደረሰበት ነገር፣ የቱንም ያህል ቢያስደንቅ፣ ጉዳት ይባላል። የተጎዳ ኳርተር ሃያ አምስት ሳንቲም ነው፤ እሱንም ማሽኑ ከተቀበለው ነው። ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች ይህን አይነግሯችሁም፤ «ይህ ሳንቲም እንግዳ ነው» ብለው ያቆማሉ። እንግዳ መሆን ደግሞ ዋጋ የለውም።

እንግዲህ የተወለደበትን ለማወቅ አወላለዱን ማወቅ ግድ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ፊላደልፊያ ወይም ዴንቨር እንግባ። ኪሳችሁ ውስጥ ያሉት ሳንቲሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም የመጡት ከእነዚህ ሁለት ከተሞች ነው። ትንሿ «ፒ» ፊላደልፊያን፣ «ዲ» ዴንቨርን፣ «ኤስ» ሳን ፍራንሲስኮን ታመለክታለች። ፊላደልፊያ ፔኒ ላይ ምልክት የማድረግ ልማድ አልነበራትም፤ ስለዚህ ምልክት የሌለው ፔኒ ስታገኙ «ፊደል የጎደለው!» ብላችሁ አትጩኹ። እንደዚያ ያለው ፔኒ ቁጥሩ በቢሊዮን ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከረጅም የብረት ጥቅል ነው። መቁረጫው በጥቅሉ ላይ እየወረደ ክብ ክቡን ይቆርጠዋል። ክቦቹ ምድጃ ገብተው ይለሰልሳሉ፣ ይታጠባሉ፣ ከዚያም ጠርዛቸውን ጨምቆ ወደ ላይ በሚገፋ ማሽን ውስጥ ይሽከረከራሉ። በሳንቲም ዙሪያ የምትታየው ከፍ ያለች ከንፈር የምትፈጠረው ያኔ ነው። እስካሁን ሊንከን የለም፣ ንስር የለም። ይህን ባዶ ክብ ልሙጥ እያልሁ እጠራዋለሁ። ልሙጡ አንድ የብረት ቀለበት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ከላይና ከታች ሁለት ማኅተሞች በአንድ ቅጽበት ይመቱታል። ፊቱም ጀርባውም የሚወጣው በዚያች አንዲት ምት ነው። የዳይምና የኳርተር ጠርዝ ላይ ያሉትን ጥርሶች የሚያወጣቸው ቀለበቱ ነው፤ ብረቱ ሲጨመቅ ወደ ጎን ሸሽቶ ቀለበቱ ላይ ይታተማል። ልሙጥ፣ ማኅተም፣ ምት፤ ስህተት የሚገባው በእነዚህ በሮች ነው።

ከልሙጡ እንጀምር። መቁረጫው ሲወርድ ጥቅሉ በቅጡ ወደፊት ካልተጓዘ ቀደም ሲል በተቆረጠው ጉድጓድ ላይ ይደረብና ከሳንቲሙ አንድ ጎን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የጎደለ ልሙጥ ይወጣል። ጎኑ የጎደለ ሳንቲም ብዙ ሰው ያመጣልኛል፤ አብዛኛው በመቀስ ወይም በሞረድ የተቆረጠ ነው። እንዴት ይለያል? ከተጎዳው ጎን ትይዩ ያለውን ጠርዝ ተመልከቱ። የከንፈር ማውጫው ማሽን የሚሠራው ልሙጡን ከሁለት ጎን በመጫን ነው። አንዱ ጎን ከጎደለ በትይዩው በኩል ግፊት አይኖርም፤ ስለዚህ እዚያ ያለው ከንፈር ደክሞ ወይም ጠፍቶ ይቀራል። ሳንቲሙ ከታተመ በኋላ በመቀስ የቆረጠ ሰው ግን ትይዩውን ከንፈር ማድከም አይችልም። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ካሉት ምልክቶች ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ሐሰተኛው ያልነካው ጎን ይመሰክርበታል።

ሌላው የልሙጥ ስህተት ብረቱ የሌላ ሳንቲም መሆኑ ነው። እዚህ ዓይናችሁን አትመኑ፤ ሚዛን ያዙ። የዛሬው ፔኒ 2.5 ግራም፣ ኒክል 5 ግራም፣ ዳይም 2.27 ግራም፣ ኳርተር 5.67 ግራም ነው። ብር የመሰለ ነጭ ፔኒ አግኝታችሁ 2.27 ግራም ከመዘነ፣ በዳይም ልሙጥ ላይ የተመታ ሊሆን ይችላልና አስቀምጡት። 2.5 አካባቢ ከሆነ ግን፣ በአብዛኛው አንድ ሰው የመዳብ ልባሱን በአሲድ አውልቆት ወይም ሌላ ነገር ቀብቶት ነው።

በፔኒ ታሪክ ዝነኛው የልሙጥ ስህተት የ1943 ነው። ጦርነት ነበር፤ መዳቡ ለጥይትና ለሽቦ ስለተፈለገ በዚያ ዓመት ፔኒ በዚንክ ከተለበጠ ብረት ተመታ፤ ነጭና ማግኔት የሚስበው ፔኒ ማለት ነው። ይሁንና ካለፈው ዓመት የተረፉ ጥቂት የመዳብ ልሙጦች በማጓጓዣ ሣጥኖቹ ስንጥቅ ተወትፈው ቆይተው ኖሮ ከብረቶቹ ጋር ወደ መምቻው ገቡ። ከሦስቱም ማተሚያዎች የወጡት፣ ዛሬ የሚታወቁት፣ ሃያ አካባቢ ብቻ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን በ1947 ያገኘው የማሳቹሴትስ ግዛት ተማሪ ነው፤ ፒትስፊልድ በምትባል ከተማ፣ ትምህርት ቤት ምሳ በልቶ መልስ ሲቀበል። ስለ ሳንቲሙ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ቢጽፍ እንዲህ ያለ ፔኒ የለም ተባለ። እሱም አልሸጠው፣ አልጣለው፤ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ኖረ። ካለፈ በኋላ በጥር 2019 በጨረታ 204 ሺህ ዶላር ወጣ፤ ገንዘቡም ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ።

ይህ ታሪክ እንደተሰማ የ1943 የመዳብ ፔኒ በየቤቱ መገኘት ጀመረ። ሲመረመር አብዛኛው ብረቱ ፔኒ መዳብ ተቀብቶ ነው፤ ማግኔት ስታስጠጉ ጥርቅ ብሎ ይለጠፋል። ማግኔት ካልሳበው ደግሞ የ1948 ፔኒ ሊሆን ይችላል፤ የ8 ግራ ጎን ተፍቆ 3 ተደርጎ። እውነተኛው የ1943 «3» ጅራቱ ረዝሞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከ8 የተፋቀው ግን ጅራቱ አጭር ነው። ተቃራኒው ስህተትም አለ። በ1944 መዳቡ ሲመለስ ከዓመቱ በፊት የተረፉ የብረት ልሙጦች ላይ የተመቱ ጥቂት ፔኒዎች ወጥተዋል። ፊላደልፊያ በዚያው ዓመት ለቤልጅግ ባለ ሁለት ፍራንክ ሳንቲም በእነዚሁ ልሙጦች ላይ ትመታ ነበርና፣ ልሙጦቹ ከማሽኑ ርቀው አልነበሩም።

በዚያ ዘመን ፊላደልፊያ ለእኛም ትመታ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ባለ 1936 ዓመተ ምሕረቱ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ያለበት ሳንቲም ከዚያ ከመጡት ውስጥ ነው። የዚያ ዘመን ባለ 25 ሳንቲም ታሪክ ለዛሬው ርእሳችን ይመቻል። መጀመሪያ የወጣው የመዳብ 25 ሙሉ ክብ ነበር። ባለ 50 ሳንቲሙ ደግሞ ብር ነው። ሰው ምን አደረገ? 25ቱን ብር እየቀባ በ50 ይገበይበት ጀመር። መንግሥት ክቡን ሰብስቦ፣ በምትኩ ጠርዙ እንደ አበባ የተሸረፈ 25 አወጣ፤ አያቶቻችን የሚያስታውሱት ያንን ነው። ዛሬ ሳንቲም ሰብሳቢ የሚፈልገው ክቡን ነው፤ በብዛት ያልቆየ ነውና። የተሸረፈውን ይዞ «ስህተት አገኘሁ» የሚል ግን ብዙ ነው። ሽርፈቱ ታስቦ የተደረገ ነው። በምኒልክ ሳንቲሞች ላይም እንዲሁ የአንበሳው ግራ እግር የተነሳበትና ቀኝ እግር የተነሳበት አለ፤ ሁለቱም የታቀዱ ዓይነቶች ናቸው፤ ስህተት የለባቸውም።

ወደ ማኅተሙ ልለፍ፤ እዚህ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ከዝርዝር ውስጥ ገንዘብ የሚያወጣ ስህተት ቢገጥማችሁ ከዚህ ወገን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተውም በዚሁ ነው።

ማኅተም አንድ በአንድ በእጅ አይቀረጽም። እንደ ሳንቲሙ ምስሉ ወደ ላይ የወጣ እናት ቅርጽ አለ። ይህ ቅርጽ በለሰለሰ የብረት ዘንግ ላይ በከባድ ኃይል ሲጫን፣ ምስሉ ወደ ውስጥ የገባበት ማኅተም ይገኛል። በድሮው አሠራር አንድ ጭነት አይበቃም ነበር፤ ዘንጉ እንደገና በእሳት ይለሰልስና እናት ቅርጹ ይደገምበታል። ሁለተኛው ጭነት ከመጀመሪያው ጥቂት ዞር ካለ፣ ማኅተሙ ጥንድ ምስል ይዞ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያ ማኅተም የሚመታው ሳንቲም ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ዓይነት ጥንድ ጽሑፍ ይኖረዋል።

በ1955 ፊላደልፊያ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። «ሊበርቲ» የሚለውም፣ ዓመተ ምሕረቱም፣ ከፊቱ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ያለ ማጉያ መነጽር ሁለት ሆኖ ይታያል። ማተሚያው ነገሩን ሲደርስበት ከ20 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከሌሎች ሚሊዮኖች ጋር ተቀላቅለዋል። ለቅሞ ማውጣት አይቻል፣ ሁሉንም ማቅለጥ ኪሳራ፤ እንዳለ ለገበያ ተለቀቀ። በዚያን ጊዜ ከማሽን የሚሸጥ ሲጋራ 23 ሳንቲም ነበር፤ ማሽኑ የሚቀበለው ኳርተር ስለሆነ ሁለቱን ፔኒ መልስ ፓኬቱ ላይ በላስቲኩ ውስጥ ያደርጉት ነበር። ብዙዎቹ ጥንድ ፔኒዎች ሕዝብ እጅ የገቡት ከሲጋራ ጋር ነው ይባላል። ዛሬ ተሻሽቶ ያረጀ እንኳ ቢሆን ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል።

ልብ በሉ፤ የዚያው ዓመት ሌላ ፔኒ አለ፤ የመጨረሻዋ 5 ብቻ ጥላ የጣለች የምትመስል። ሰብሳቢዎች «የድሃው ጥንድ» ይሏታል። እሷ ከማኅተም ማርጀት የመጣች ናት፤ ማኅተሙ ብዙ ሲመታ ብረቱ ይፈስና የፊደሉ ዳር ይሰፋል። ዋጋዋ ከአንድ ዶላር ብዙም አይርቅም። ሁለቱም የ1955፣ ሁለቱም ከአንድ ቤት፣ ሁለቱም «ድርብ»፤ አንዷ የተወለደችው ማኅተሙ ሲሠራ፣ ሌላዋ ማኅተሙ ሲሞት ነው። የዋጋው ልዩነት ሺህ እጥፍ ነው።

ሦስተኛ ዓይነት ድርብም አለ፤ እናንተ በብዛት የምታመጡልኝ እሱን ነው። ማኅተሙ ደህና ነው፤ ነገር ግን መታ አድርጎ ሲነሳ ጥቂት ላላ ብሎ ይንሸራተትና ፊደሉን ይጎትተዋል። ቀበሌ ውስጥ ማኅተም የሚያደርገው ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ ወረቀቱ ላይ የሚቀረውን አስታውሱ። እንዲህ ያለው ዋጋ የለውም። እንዴት እንለየው? አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይዛችሁ የፊደሉን ጫፍ ተመልከቱ። እውነተኛው ጥንድ ሲሆን ሁለቱም ምስሎች ክብ ክብ ብለው ወጥተዋል፤ የፊደሉ ጫፍ እንደ ሹካ ተሰንጥቋል፤ ፊደሉም ከተለመደው ወፍሯል። የተንሸራተተው ሲሆን ግን ከፊደሉ ጎን ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚያብረቀርቅ ደረጃ ይታያል፤ ደረጃው የተወሰደው ከፊደሉ ነውና ፊደሉ ራሱ ቀጥኗል። ወፈረ ወይስ ቀጠነ? በዚህች ጥያቄ ብቻ ከምታመጡልኝ አሥር ሳንቲም ዘጠኙን ቤታችሁ ሆናችሁ ትጥሉት ነበር።

ጥንድ ማኅተም ባለሥልጣኖችንም አሳስቷል። በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመታ፣ «ኤስ» ያለበት ጥንድ ፔኒ ብቅ ሲል፣ በዚያው ሰሞን ሐሰተኛ የ1969 ጥንድ ፔኒ የሠሩ ሰዎች ነበሩና፣ የገንዘብ ሐሰት የሚከታተለው ሚስጥራዊ አገልግሎት እውነተኞቹንም ከሰው እጅ ሰብስቦ አንዳንዶቹን አጠፋ። በኋላ እውነተኛነታቸው ተረጋገጠ። የተረፉት በጣም ጥቂት ስለሆኑ ያልተነካ ንጹሕ አንድ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ተሸጧል። ከዚያ ወዲህ ያሉትን የ1972 እና የ1995 ጥንዶች በኪስ የማግኘት ዕድላችሁ ይሻላል፤ የ1995ቱ ያን ያህል ብርቅ አይደለም፤ ሃያ ሰላሳ ዶላር ካገኛችሁበት ደህና ሽያጭ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ማኅተም በአንድ ጭነት ብቻ መሠራት ስለጀመረ እንደ 1955ቱ ያለ ዓይን የሚወጋ ጥንድ አሁን አይጠበቅም። በአዲሶቹ ላይ የሚገኘው ቀጭን፣ መሃል ላይ የሚታይ ድርብ ነው፤ ፈላጊውም ዋጋውም በዚያው ልክ ቀጭን ነው።

የምቱን ስህተቶች ቶሎ ልለፋቸው፤ ራሳቸውን ይገልጻሉና። ልሙጡ መሃል ሳይቀመጥ ሲመታ ምስሉ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ግማሹ ባዶ ይቀራል። አምስት ከመቶ የሸሸ ፔኒ ጥቂት ዶላር ነው፤ ግማሽ በግማሽ ሸሽቶ ዓመተ ምሕረቱ የሚነበብ ከሆነ ዋጋው ይነሳል፤ ዓመቱ ካልታየ ይወርዳል። ቀለበቱ ሳይዘጋው የተመታ ሳንቲም ተስፋፍቶ ይወጣል፣ ጥርስም የለውም። ቀድሞ የተመታው ሳንቲም ማኅተሙ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ደግሞ የሚቀጥለው በአንዱ ጎን የተገለበጠ፣ ወደ ውስጥ የገባ ምስል ይይዛል፤ ይህን ካያችሁ ደውሉልኝ።

አሁን ስለ ዋጋ። ዋጋን ከሚያስተምሩ ሳንቲሞች ሁሉ የ2007ቱ የጆርጅ ዋሽንግተን ዶላር ይበልጣል። ዓመተ ምሕረቱም፣ «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለውም የተጻፈው ጠርዙ ላይ ነበር። የጠርዙ ጽሑፍ የሚወጣው ሳንቲሙ ከተመታ በኋላ በሌላ ማሽን ነው። በየካቲት 2007 ወደ ገበያ ሲወጣ፣ ከዚያ ማሽን ሳያልፉ የቀሩ፣ ጠርዛቸው ባዶ የሆኑ ተገኙ። ጋዜጦች «እግዚአብሔር የሌለበት ዶላር» አሉት፤ አገር ተንጫጫ፤ በኢንተርኔት በመቶዎች ዶላር ተሸጠ። ሰው ሁሉ ባንክ እየሄደ ጥቅሉን ሲፈታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተገኘና ዋጋው ወደ አሥሮች ወረደ። በመጀመሪያው ሳምንት የሸጠ አተረፈ፤ የገዛው እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። አንዳንዱም ጠርዙን በሞረድ አለስልሶ ሊሸጥ ሞከረ፤ ትክክለኛው 8.1 ግራም ስለሚመዝን ሚዛን አጋለጠው። «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለው በ2009 ከጠርዙ ወደ ፊቱ ተዛወረ።

የዊስኮንሲን ኳርተርም ተመሳሳይ መንገድ ነው የሄደው። በ2004 ዴንቨር በተመታው ላይ፣ ከላሟና ከአይቡ ጎን ባለው በቆሎ ላይ አንድ ትርፍ ቅጠል የበቀለበት አለ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ያዘነበለ። መጀመሪያ በብዛት የታየው አሪዞና፣ ቱሰን አካባቢ ነው። ማኅተሙን አንድ ሠራተኛ ሆን ብሎ ጫረው ወይስ በአደጋ ተጫረ የሚለው ክርክር አልተዘጋም። እኔ አደጋ ሁለት ጊዜ በአንድ ቦታ ቅጠል ይሠራል ብዬ አላምንም። ዛሬ በአሥሮች ዶላር ይሸጣል፤ አሁንም ከመልስ ውስጥ ይገኛልና ዊስኮንሲንን ስታዩ አታሳልፉት።

በሌላው ጫፍ የ2000ው ዓመት ሳንቲም አለ፤ ወርቃማው የሳካጋዊያ ዶላር፣ ግን በፊቱ በኩል የኳርተሩ ጆርጅ ዋሽንግተን የታተመበት። አንድ ሰው ማሽኑ ላይ የኳርተር ማኅተም ገጥሞ ነው። ሃያ አካባቢ ብቻ ይታወቃሉ፤ አንዱ በጨረታ ወደ 200 ሺህ ዶላር ተጠግቷል። እንግሊዝ ውስጥ በ2008 ዓመተ ምሕረቱ ከጀርባ ወደ ፊት ሲዛወር፣ የድሮ ፊትና አዲስ ጀርባ ተጋብተው ዓመት የሌለው ባለ 20 ፔንስ ወጣ። ስህተቱ ከአሜሪካው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን የእንግሊዙ ቁጥሩ ከ50 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል፤ ስለዚህ ዋጋው ሃምሳ ፓውንድ አካባቢ ይንጠለጠላል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለብርቅነቱ ነው፤ ብርቅ መሆኑንም በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ማጉያ የሚያስፈልገው ስህተት ብርቅ ቢሆንም ርካሽ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው።

«አንድ ሚሊዮን» የሚሉት ከየት አመጡት ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መሠረት አለው። የ1943 የመዳብ ፔኒ ከዴንቨር የሚታወቀው አንድ ብቻ ነው። በ2010 በ1.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ተባለ። ያው ሳንቲም በ2021 በጨረታ ሲወጣ 840 ሺህ ዶላር አገኘ። በዓለም አንድ ያለው ሳንቲም እንኳ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ግማሽ ዋጋውን ሊያጣ ይችላል፤ የእናንተ የ1995 ፔኒ ምን ዋስትና አለው? ኢንተርኔት ላይ ሻጩ የጠየቀውን አትመልከቱ፤ ሰው አሥር ሺህ ብሎ የማይለጥፈው ነገር የለም። «የተሸጡ» የሚለውን ምረጡና ገዢ በትክክል የከፈለውን እዩ። ሁለቱ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም።

ሐሰተኛና ተጎጂ የሆኑትን ሳልነካ አልወርድም። አንዲት እናት በሁለቱም ወገን ፊት ያለው ኳርተር ይዘው መጡ፤ «ልጄ፣ የቤቱን ዕዳ የሚከፍልልኝ ይህ ነው» አሉኝ። ከንፈሩ ውስጥ በጥፍር ብትሄዱ የምትሰማ ቀጭን ስፌት ነበረችው። የአስማተኞች ሳንቲም ነው፤ አንዱ ተፍቆ ሌላው ውስጡ ይሰካበታል፤ በጥቂት ዶላር ይሸጣል። እንግዲህ እትዬ፣ የቤቱን ዕዳ በሌላ መንገድ እንፈልገው አልኋቸው፤ ስቀው ቡና ጋበዙኝ። ሌላው በብዛት የሚመጣው ልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ተሰንቅሮ ለወራት የተንከባለለ ሳንቲም ነው፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ፊደሎቹ ከከንፈሩ ጋር ተጣብቀው፣ በጣም የሚያምር ይሆናል። ላውንደሪ ያላችሁ ሰዎች በየሳምንቱ ታገኙታላችሁ፤ ዋጋ የለውም። ከ1982 ወዲህ ያሉት ፔኒዎች ላይ የሚያብጡት ትናንሽ እብጠቶችም ከመዳቡ ልባስ ሥር የተቋጠረ አየር ናቸው፤ እነሱን እንደ ጥንድ ማኅተም የሚሸጥላችሁ ካለ ራቁት።

ጠርጥራችሁ ያስቀመጣችሁትን ሳንቲም አትጠቡት። በሎሚ፣ በኮምጣጤ፣ በጥርስ ሳሙና ተወልውሎ የመጣልኝን ሳይ ልቤ ይደማል፤ ሳንቲም ገዢ የዕድሜ ቆዳውን ነው የሚፈልገው፤ የተወለወለ ሳንቲም ከዋጋው ግማሹን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ በወረቀት ወይም ለዚሁ በተሠራ የፕላስቲክ ከረጢት አኑሩት። ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉት ድርጅቶች መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ በታሸገ ፕላስቲክ ይመልሱላችኋል፤ ገዢዎች የሚያምኑት እነሱን ነው። ነገር ግን ክፍያው ከመላኪያው ጋር በአሥሮች ዶላር ይቆጠራል። ስለዚህ ሠላሳ ዶላር የሚያወጣ ሳንቲም ለምርመራ መላክ ኪሳራ ነው፤ ሻጩም ገዢውም አንድ ላይ ተቀምጠው በማጉያ ቢያዩት ይበቃል። ብዙ መቶ የሚያወጣ ከመሰላችሁ ላኩት። ካልመሰላችሁም የምትነግዱበትን ሰው አማርጡ፤ የሰፈር ወርቅ ገዢ ሁሉ ሳንቲም አያውቅም፤ የሚያውቀውም እውቀቱን ለጥቅሙ ያውለዋል።

ዛሬ ቤታችሁ ገብታችሁ የምትሠሩት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የ1982 ፔኒዎችን ለዩ። በዚያ ዓመት መዳቡ ተወደደና ፔኒው ከ95 ከመቶ መዳብ ወደ መዳብ የተለበጠ ዚንክ ተቀየረ፤ በዓመቱ ውስጥ ሁለቱም ተመቱ። መዳቡ 3.11 ግራም፣ ዚንኩ 2.5 ነው። የሁለቱም ተራ ዓይነት ዋጋው አንድ ሳንቲም ነው፤ ነገር ግን ዴንቨር ላይ የተመታ፣ ዓመተ ምሕረቱ በትንንሽ ቁጥሮች የተጻፈ፣ ሆኖም 3.11 የሚመዝን ፔኒ መኖር አልነበረበትም። በ2016 አንድ ተገኘና በሚቀጥለው ዓመት 18,800 ዶላር ተሸጠ። የ1983 ፔኒም በሙሉ ዚንክ መሆን ነበረበት፤ 3.1 የመዘነ 1983 ካገኛችሁ በቤተሰብ አትነጋገሩበት፤ መጀመሪያ ለእኔ አሳዩኝ።

ሚዛኑ፣ ማጉያውና ማግኔቱ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ፔኒ የያዛችሁ በቀኝ በኩል፣ ኳርተር የያዛችሁ በግራ ተሰለፉ። ከኢትዮጵያ የመጡ ሳንቲሞች ያላችሁ ደግሞ መጨረሻ ላይ እንቀመጥ፤ እነሱን ለማየት ጊዜ ይፈልጋል። ጥያቄ ካላችሁ እየመዘንን እንነጋገራለን።